ሐላል ያልተባለ ስልክ

ሁሉንም ያመጣው አንድ ሮዝ ሳፋ ነው። ሳፋው ዛሬም ቤቴ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ ማንም እንዲታጠብበት አልፈቅድም። ባለቤቴ ባየችው ቁጥር «ይኼን ጣዖትህን አውርድልኝ» ትለኛለች። አላወርድም። ሰው ሲናደድ የሚያፈጥበት ነገር ያስፈልገዋል፤ እኔ ደግሞ ብዙ ጊዜ እናደዳለሁ።

ሥራዬ ልዋጭ ነው። የፕላስቲክ ዕቃ እሰጣለሁ፣ የሞተ ስልክ እቀበላለሁ። ድሮ የምለውጠው በአሮጌ ልብስና በተቀደደ ጫማ ነበር፤ ዘመኑ ሲቀየር እኔም ተቀየርኩ። መካነ ሰላም ገበያ ላይ ጆንያዬን አነጥፋለሁ። ገበያው ሲዞር እኔም ወደ ደጎሎ፣ ወደ ወረኢሉ፣ አንዳንዴም ወደ ማሻ እዞራለሁ። «የወደቀ ስልክ! የተሰነጠቀ ስልክ! ውሃ የጠጣ ስልክ! በሳፋ፣ በጆግ፣ በባልዲ!» እያልኩ እጮሃለሁ። ድምፄ ከእህል ተራ እስከ ከብት ተራ ይሰማል። አገሩ «ሳፋው» ይለኛል። የክርስትና ስሜን የሚያውቁት የንስሐ አባቴና ቀበሌው ብቻ ናቸው።

የሰበሰብኩትን በጆንያ አስሬ አዲስ አበባ እወስደዋለሁ፤ መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ። እዚያ ስልክ እንደ ቅርጫ በሬ ይበለታል። ስክሪኑ ለብቻ፣ ባትሪው ለብቻ፣ ቦርዱ ለብቻ፣ ክዳኑ ለብቻ ይመደባል። ከብዙ ሙታን አንድ ሕያው ይገጣጥማሉ። ያ ሕያው አዲስ ካርቶን ለብሶ፣ ላስቲክ ተለጥፎበት፣ ተመልሶ እኛው አገር ይመጣል። ገበሬው በሬ ሸጦ ይገዛዋል። ክረምት ሳይወጣ ይሞትበታል። ከዚያ እኔ በባልዲ እቀበለውና እንደገና መርካቶ አወርደዋለሁ። አንዳንዱን ስልክ መልኩን ለይቼ ሰላምታ ልሰጠው ይቃጣኛል።

አንድ ቀን ቁርስ ቤት ተቀምጬ፣ ቴሌቪዥን ላይ ክራቫት ያሰረ ሰው ስለ «ኤሌክትሮኒክ ቆሻሻ» ሲያወራ ሰማሁት። ቆሻሻ! የፉሉን ሳህን ገፋሁት። ቆሻሻ የሚለው ሰውዬ ስልኩ ሲሰነጠቅ ሌላ ይገዛል። እኛ አገር ስልክ ማለት ዓረብ አገር የሄደች ልጅ ናት። ይህን የማውቅ ይመስለኝ ነበር። ለካ እኔም በደንብ አላውቀውም።

ስለ ሐላል ልናገር፤ ካልተናገርኩ የኋላው አይገባም። በእኛ አገር ዕቃ ተለዋውጦ ዝም ብሎ መለያየት የለም። የወሰደ «ሐላል በሉኝ» ይላል፤ የሰጠ «ሐላል ይሁንልህ» ይላል። ይህ ካልተባለ ዕቃው እጅህ ላይ ቢሆንም ያንተ አይደለም። እኔ የማርያም ማኅበርተኛ ነኝ፤ ግን በዚህ ቃል ነው ያደግኩት፣ በዚህ ቃል ነው የነገድኩት። አንድ ሌላ ሕግም አለኝ፤ ስልክ ስቀበል ሲም ካርዱን በሰው ፊት አውጥቼ ለባለቤቱ እመልሳለሁ። «ሲሙን የያዘ ሁሉን ያዘ» የምትል አባባል ነበረችኝ። አሁን አልላትም።

አንድ የገበያ ቀን ከከተማው ጫፍ አንድ ሸኽ ከሚስታቸው ጋር ወደ ጆንያዬ መጡ። ሸኽዬው ቁርአን የሚያቀሩ ናቸው። ገበያው ላይ ያለው ጎልማሳ ብዙው የእሳቸው ደረሳ፣ የቁርአን ተማሪ፣ የነበረ ስለሆነ፣ እጃቸውን ሊስም የሚጎነበሰው ሰው በዝቶ እኔ ጋ እስኪደርሱ ፀሐዩ ከረረ። ስልኩን ከኪሳቸው ሲያወጡት መስተዋቱ እንደ በጋ ጭቃ ተሰነጣጥቋል።

«በራ ሲሉት ይጠፋል፣ ጠፋ ሲሉት ይበራል» አሉ። «ኢንተርኔቱ ከሄደ ወዲህ ደግሞ የቀረው ጥቅም መስተዋትነቱ ነበር፤ እሱም ይኸው።»

ያኔ አገራችን ላይ ኢንተርኔት ከተቋረጠ ከርሟል። ዓረብ አገር ያሉ ልጆች የሚደውሉት በአሠሪያቸው ቤት ዋይፋይ ነው፤ የካርድ ስልክ ማን ይገዛላቸዋል? ስለዚህ የዚያን ጊዜ ስልክ ሁሉ ኪስ ውስጥ ጠጠር ሆነ። እውነቱን ለመናገር ለእኔ ጥሩ ዘመን ነበር። ጆንያዬ እንደዚያ ጠግቦ አያውቅም።

ክዳኑን ስከፍተው ከውስጥ በጥቁር ቀለም በዓረብኛ ተጽፎበታል።

«ይኼ ምንድን ነው ሸኽዬ?»

«ቢስሚላህ ነው። ደረሶቹ ሎህ ጣውላቸው ላይ በሚጽፉበት ቀለም የጻፍኩት። ባለ ስልክ ቤቱ ዋስትና የለውም ሲለኝ እኔው ዋስትና ጻፍኩለት።»

ሳቅን። ሸኽዬው ሲሙን በጥፍራቸው አውጥተው «ልጃችን የምትመጣው በዚህች ናት» ብለው ለሚስታቸው ሰጧቸው። እሳቸውም በሻሻቸው ጫፍ ጥብቅ አድርገው ቋጠሯት። እኔም ያቺን አባባሌን ጣል አደረግኩ። ሮዟን ሳፋ መረጡ።

«ሐላል በሉኝ» አልኩ።

«ሐላል ይሁንልህ። አላህ በረካውን ይስጥህ» አሉ ሸኽዬው።

ሚስታቸው ያን ጊዜ ሳፋውን ወደ ፀሐይ አንስተው ሽንቁር እየፈለጉ ነበር። እኔ የባልን ቃል ይዤ ወደ ሌላ ደንበኛ ዞርኩ።

መንገዱ ሲዘጋ ሲከፈት ስለነበር ጆንያው ቤቴ ብዙ ከረመ። ሲከፈትልኝ አንድ ቀን እንኳን ሳላድር አዲስ አበባ አደረስኩት፤ ዘርግፌ፣ ጆግና ሳፋ ጭኜ ተመለስኩ። በተመለስኩ ማግስት ኢንተርኔት መጣ። ከተማው ዓመት በዓል መሰለ። ሁሉም ስልኩን እንደ መስተዋት ፊቱ ላይ ደቅኖ ይጮሃል። «ወፈርሽ!» ይላል አንዱ። «ካሜራውን ዝቅ አድርጊ፣ ግንባርሽ ብቻ ነው የሚታየኝ!» ትላለች አንዷ። የሚያለቅሰውና የሚስቀው አይለይም። እኔም ጆጎቼን እየደረደርኩ ደስ ብሎኝ ነበር። አለመናደድ እንደዚህ ነው እንዴ ስል ትዝ ይለኛል።

በሚቀጥለው ገበያ ሴትዮዋ ብቻቸውን መጡ። ፊታቸው ከስቷል። ሮዟን ሳፋ በብብታቸው ይዘዋል። ጆጎቼን ገፋ አድርገው መሐላቸው አስቀመጧት።

«ሳፋህን ውሰድ» አሉ። «ልጄን መልስ።»

«ምነው እናቴ? ሳፋው አፈሰሰ?»

አጠገቤ ያለው ጨው ሻጭ ሳቁን ለቀቀው። «ሳፋው! አሁን ደግሞ ሰው በሳፋ መለወጥ ጀመርክ?»

ሴትዮዋ ወደ እሱ ዞር አላሉም። ሻሻቸውን ፈትተው ያቺን ሲም አወጡ። «ይኸው። በጎረቤቴ ስልክ አስገባኋት፣ በወንድሜ ልጅ ስልክ አስገባኋት፣ በስንቱ ስልክ አስገባኋት። ልጄ የለችበትም። የሰው ልጅ ሁሉ ደወለ፣ የእኔ ልጅ አልደወለችም።»

«ሸኽዬው ምን አሉ?»

 ጨው ሻጩ ሳቁን ትቶ ባርኔጣውን አወለቀ። የማላውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ ለካ፤ ነገሩ ሲሆን አዲስ አበባ ነበርኩ።

«አልፈዋል» አሉ።

ከዚያ ነገሩን በአጭሩ ነገሩኝ። ሸኽዬው ታመው ብዙም ሳይቆዩ አረፉ። ልጃቸው አልሰማችም፤ የምትሰማበት መንገድ አልነበረም። አሁን ግን ኢንተርኔቱ ሲመጣ፣ በየአገሩ ያሉት ደረሶቻቸው ፎቶአቸውን እየለጠፉ «ኢና ሊላሂ» ይጽፉ ጀመር። ልጅቱ የየትኛው ቤት ሠራተኛ እንደሆነች ወይም ቁጥሯን የሚያውቅ የለም፤ ወሬ ግን ቤት አይጠፋውም። ዛሬ ወይ ነገ አንዷ ስልኳን ይዛ «ይኼ አባትሽ አይደሉም እንዴ?» ትላታለች።

«ወጥ ቤት ቆማ፣ እጇ አረፋ ውስጥ እንደገባ?» አሉ። «ብቻዋን መርዶ ትስማ? ለጠላት መርዶ እንዲህ ይነገራል?»

አይነገርም። በእኛ አገር መርዶ ብቻውን ላለ ሰው አይነገርም። ሽማግሌ ይሰበሰባል፣ ጎረቤት ይጠራል፣ ሲወድቅ የሚይዙት እጆች አስቀድመው ይቆማሉ። ከዚያ ነው የሚነገረው። ይህን እስላሙም ክርስቲያኑም ያውቃል፤ የሚያከራክር አይደለም።

እኔ ግን ነጋዴ ነኝ፤ ተከራከርኩ። ተናድጄም ነበር፣ ያውም በእሳቸው። «ሸኽዬው ሐላል ብለውኛል እናቴ። ገበያው ሰምቷል።»

«እሳቸው ብለውሃል። ቃላቸውን ይዘው ሄደዋል፤ አላህ ይዘንላቸው፣ አልነካባቸውም። እኔ ብዬሃለሁ? ይኸው ገበያው፤ አንድ ሰው ከአፌ ሰማሁ ይበል።» ማንም አላለም። «ስልኩን ሐላል ብለውህ ይሆናል። ልጄን ማን ሐላል አለህ?»

 ሳፋዋን እያየሁ ቀረሁ።

ሲሙ እጃቸው ላይ ሆኖ ልጅቱ የት ገባች? ጆንያዬን ለጨው ሻጩ አደራ ብዬ፣ ሴትዮዋን ይዤ፣ ሸኽዬው ስልኩን ወደገዙበት ስልክ ቤት ሄድኩ። ባለ ሱቁ ፀጉሩን በቅባት ያበራ ወጣት ነው። ከአዲስ አበባ የመጣ ቋንቋ ይናገራል፤ እሱ ግን ከመካነ ሰላም ወጥቶ አያውቅም።

«ሸኽዬው ከልጃቸው ጋር በኢንተርኔት የሚነጋገሩበትን መደወያ የከፈትክላቸው አንተ ነህ?»

«አዎ ጋሼ። ብዙ ሰው ነው የምከፍተው።»

«በማን ቁጥር ከፈትከው?»

የቅባት ፀጉሩን ዳሰሰ። «ለዚያ ስልክ ብቻ በገዛሁት ሲም። ሰልፍ ስለሚበዛ አስቀድሜ ከፍቼ ነው የማስቀምጠው። ስልክ የገዛ ሰው ዝግጁውን ይዞ ይሄዳል።»

እንደ ዳቦ ጋግሮ ነው የሚያስቀምጠው! ሰው የራሱን ቁጥር ይዞ መጥቶ፣ በማያውቀው ቁጥር የተከፈተ መደወያ ተሰጥቶት ይሄዳል። ልጅቱ ትደውልላቸው የነበረው ሸኽዬው በማያውቁት ቁጥር ነው። ሻሽ ላይ የተቋጠረችው ሲም ከመጀመሪያውም ባዶ ነበረች።

«ታዲያ አሁን በሌላ ስልክ ክፈተው።»

«ኮድ ይጠይቃል። ኮዱ የሚመጣው በዚያ ሲም ነው።»

«ሲሙስ?»

«ተጣለ።» ትከሻውን ነቀነቀ። «ጋሼ፣ አሁን መደወያው ያለው አሮጌው ስልክ ላይ ብቻ ነው። እሱ ካለ አለ፤ ከሌለ የለም። በቃ አዲስ ልክፈትላቸው?»

«በአዲሱ ልጄ ትመጣለች?» አሉ ሴትዮዋ።

«እማማ፣ እሷ እርስዎን መፈለግ አለባት።»

«እየፈለገችኝ እኮ ነው!» አሉ። ድምፃቸው ከፍ ያለው ያን ጊዜ ብቻ ነው። «እየፈለገችኝ እኮ ነው፤ አንተ የት እንዳስገባኸኝ ነው የጠፋኝ!»

ልጁ ወደ እኔ ዞሮ በጆሮዬ «ሴትዮዋ ትንሽ ተነክተዋል እንዴ?» አለኝ። ያን ጊዜ ያላነቅሁት መስተዋት ያለበት ጠረጴዛ በመሐላችን ስለነበረ ነው። መስተዋት ሲሰበር የሚቆርጠው ማንን እንደሆነ አውቃለሁ።

ጥሩ ሰው ስለሆንኩ አይደለም አዲስ አበባ የሄድኩት። ገበያው ሰምቷል። ሐላል ያልተባለ ዕቃ ሸጧል ተብዬ ጆግ የሚለውጠኝ ሰው አላገኝም። ሁለተኛው ምክንያት ንዴት ነው፤ ንዴት ደግሞ እንደ ነዳጅ ነው፣ ከደጎሎ በኋላ አውቶቡሱ ገደሉን ሲወርድ ሌላው ተሳፋሪ ሁሉ ሲያስታውክ እኔ ቁጭ ብዬ ጥርሴን እየነከስኩ ደረስኩ።

ምናለሽ ተራ ያለው ደንበኛዬ ወፍራም ሰው ነው፤ ከወንበሩ ሲነሳ አይቼው አላውቅም። ዙሪያውን ሰዎች በርጩማ ላይ ተቀምጠው በትንንሽ ብሎን መፍቻ ስልክ ይገነጣጥላሉ።

«ወሎዬው! በዚህ ፍጥነት? ምን ረሳህ?»

«አንድ ስልክ።»

«ከዚህ ውስጥ?» ክምሩን አየና ሆዱ እስኪነቃነቅ ሳቀ። «ከጤፍ ውስጥ ጤፍ ፈልግ!»

ፈለግሁ። መጀመሪያ ከክዳኖች ክምር ክዳኑን አገኘሁት። ቢስሚላህ የምትለዋ ጽሑፍ እንዳለች ናት። ግን ክዳን ብቻውን ምን ያደርጋል? እንደ እሱ ዓይነት ስልክ ክምሩ ሙሉ ነው። ከዚያ አንድ ነገር አየሁ፤ የክዳኑ ጽሑፍ አንዱ ጫፍ ደብዝዟል። ሸኽዬው ቀለሙ ሳይደርቅ ገጥመውታል ማለት ነው። ሳይደርቅ ከገጠሙት ደግሞ ስልኩ ጀርባ ላይ ይታተማል። ስለዚህ የተገለበጠ ቢስሚላህ ያለበትን ስልክ መፈለግ ያዝኩ። እየገለበጥኩ፣ ሠራተኞቹ እየሳቁብኝ፣ «ወሎዬው ክታብ ነው የሚፈልገው» እየተባባሉ፣ በአንዱ ሠራተኛ ጉልበት ላይ ካለ ሳህን ውስጥ አገኘሁት። ስክሪኑ ተነቅሏል፣ ባትሪው ተነቅሏል። ቦርዱ ገና አልተነካም። ሰውዬው መፍቻውን አስገብቶ ብሎኗን ሊያዞር ነበር።

«አትንካው!» አልኩ። መላው ተራ ዞሮ አየኝ።

እስኪ ለመሞከር ያህል ሌላ ስክሪንና የደከመ ባትሪ ገጠሙለት። በራ። ደንበኛዬ በራሱ ስልክ ኢንተርኔት ሰጠው። ከዚያ ያ ስልክ መጮህ ጀመረ። መልእክት በመልእክት ላይ፣ ድምፅ በድምፅ ላይ። የከረመ ሁሉ አንድ ላይ ገባ። እጄን ከመዘርጋቴ በፊት ደንበኛዬ አንዱን በወፍራም ጣቱ ነካው።

የልጅቱ ድምፅ ወጣ። «አባባ፣ ለምን ዝም አላችሁኝ? እኔ ምን አጠፋሁ? እማን ንገሯት፣ ያጠፋሁት ካለ...» እያለ ለቅሶ ዋጠው።

ደንበኛዬ ጆሮውን አስጠግቶ አዳመጠ። ከዚያ ለሠራተኛው፣ «ስፒከሩ ኦሪጅናል ነው» አለው። «ለብቻ አስቀምጠው።»

እዚያ ቦታ የተናገርኩትን እዚህ ብጽፈው ይህ ጽሑፍ ቤተ ክርስቲያን ደጅ አይሸጥም። ስልኩን ከእጁ ነጠቅኩት። እሱ ግን አልተቆጣም፤ ነጋዴ ነው፣ መፈለጌን አወቀ። የፈለገ ሰው ደግሞ ምን እንደሚደረግ እኔም አውቃለሁ።

«ሐላል ያልተባለ ነው፤ ባለቤቱ አልፈቀደችም» አልኩት።

«አንተ ደግሞ፣ ሰለምክ እንዴ?»

«ወሎዬ ነኝ።»

«እኔ ጋ ሐላል የሚባል ሒሳብ የለም። የገባ ገባ። ከፈለግህ ግን እንደ ሥራህ ልዋጭ እንሥራ፤ በሚቀጥለው ጆንያህ።»

«በስንቱ ስልክ?»

«በጆንያው አልኩህ።»

አንድ ስልክ በአንድ ጆንያ ስልክ። በዕድሜዬ ሙሉ ያታለልኩት ገበሬ ሁሉ ተሰብስቦ ቢረግመኝ እንዲህ ያለ ልዋጭ አልሠራም ነበር። እሺ አልኩ። «ሐላል በለኝ» አልኩት ጭምር። ሳቀ፤ ቢሆንም አለልኝ።

እንደያዝኩት ልጅቱ ደወለች። የአባባ ስልክ በርቷል ብላ ነው። እጄ ውስጥ ሲጮህ ሰው የያዝኩ መሰለኝ። አላነሳሁትም። ምን ልበላት? የማላውቃት ሰው ናት፤ መጀመሪያ የምትጠይቀኝም «አባባስ?» ብላ ነው። ኢንተርኔቱን አጥፍቼ ጨርቅ ውስጥ ጠቀለልኩት። ያ ነገር እስከ ዛሬ ያናድደኛል። ስልኩን ለማምጣት አቅም ነበረኝ፤ «አብሽሪ፣ አይዞሽ» ለማለት ግን አፍ አልነበረኝም።

ሴትዮዋ ቤት ስደርስ ስልኩ ያለ ቻርጀር አይቆምም ነበር። የቻርጀሩ ቀዳዳ ላልቷል፣ ባትሪውም የለም ማለት ይቻላል፤ ገመዱን በጣት ካልተጫኑት ይጠፋል። ከጎረቤት በተሳበ መብራት ሰክቼ፣ ገመዱን በአውራ ጣቴ ተጭኜ ያዝኩላቸው። ኢንተርኔቱን ከፈትኩ። ብዙ አልቆየም፤ ጠራ።

«እማ! እማዬ! አላችሁ? ምነው ጠፋችሁ? አባባስ? አባባን አገናኚኝ!»

እናትየው ስልኩን በሁለት እጃቸው ይዘዋል። ለዚህ ነው ገበያ መሐል ሳፋ የመለሱት፣ ለዚህ ነው እኔን አገር ያስቋረጡኝ። መርዶውን ራሳቸው ሊነግሩ። ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አየሁ።

«አጠገብሽ ማን አለ?» አሉ።

«ማንም። ማዳም ተኝታለች። ወጥ ቤት ነኝ፣ ብቻዬን ነኝ።»

ቀና ብለው አዩኝ። ምን እንድላቸው እንደፈለጉ አላውቅም።

«አባትሽ መስጊድ ናቸው» አሉ።

ከዚያ ስለ ገብሱ፣ ስለ ላሟ፣ ስለ ጎረቤት ሠርግ አወሩ። ልጅቱ ሳቀች። እኔ ገመዱን ይዤ ጥግ ተቀምጫለሁ። በመጨረሻ ሴትዮዋ እንደዋዛ፣ «ያቺ በጎን ባለው ቤት የምትሠራው ያገር ልጅ አለችሽ?» አሉ።

«አለች። አርብ አርብ ቆሻሻ ስናወጣ እንገናኛለን።»

«እንግዲያ አርብ እሷ አጠገብሽ ስትሆን ደውይልኝ። እሷ ሳትኖር እንዳትደውይ።»

«ምነው እማ?»

«ሁለታችሁንም ልመርቃችሁ ነው።»

ስልኩ ሲዘጋ ሴትዮዋ አላለቀሱም። እኔ ግን ደሜ ፈላ። አንዲት ልጅ የአባቷን መርዶ ለመስማት ቆሻሻ የሚወጣበትን ቀን ትጠብቃለች። ያ ክራቫት ያሰረ ሰውዬ ይምጣና ስለ ቆሻሻ ያስረዳት! ያ ባለ ስልክ ቤት ይምጣ፣ ያ ወፍራም ይምጣ፣ እሷን ጎትጉቶ የላካት ደላላ ይምጣ! ማንም አይመጣም። ልነሳ ስል ሳፋዋን ልመልስላቸው በር ላይ ካስቀመጥኩበት አንስቼ ሰጠኋቸው። አልተቀበሉም።

«ስልኩ ተመልሷል፤ ሳፋው ያንተ ነው» አሉ። «አርብ ግን ና። ገመዱን የሚይዝ ሰው ያስፈልጋል።»

አርብ ከጁምዓ በኋላ ቤቱ ሞላ። ሸኾቹ በአንድ በኩል፣ ሴቶቹ በሌላ በኩል ተቀመጡ። ጨው ሻጩ እንኳን መጥቷል፤ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ ሳይቀልድ። ያ ሁሉ ሰው፣ ባሕር ማዶ ላለች አንዲት ልጅ፣ ባትሪ የሌለውን ስልክ ከቦ ጠበቀ። እኔ መሬት ላይ ተቀምጬ ገመዱን ተጭኛለሁ።

ጠራ።

አንድ ሽማግሌ ሸኽ እንደ ደንቡ ሊናገሩ እጃቸውን ዘረጉ። ሴትዮዋ ስልኩን ወደ ደረታቸው ሳቡት።

«መጣች ወይ?» አሉ።

«ይኸው አጠገቤ ናት፣ እማ። እጄን ይዛኛለች። ምንድን ነው? ለምንድን ነው ብዙ ሰው ያለው?»

«እጇን አጥብቀሽ ያዢ» አሉ ሴትዮዋ፤ ከዚያ ነገሯት።

በዚያኛው በኩል የወጣውን ድምፅ አልጽፈውም። በዚህኛው በኩል ቤቱ በሙሉ አብሮ ጮኸ፤ ሴቶቹ፣ ሸኾቹ፣ ጨው ሻጩ። ሁለተኛዋ ልጅ «ይዣታለሁ፣ ይዣታለሁ እማማ» ስትል በመሐል ይሰማል። ስፒከሩ እውነትም ኦሪጅናል ነው። ረጅም ለቅሶ ነበር። አውራ ጣቴ ደነዘዘ፣ አንዱ ሰው «ልቀበልህ?» ብሎ እጁን ሰደደ። ገመዱ ለአፍታ ላላ ካለ ስልኩ ይጠፋል።

«ተወኝ» አልኩት። አልለቀቅኩም።